የወንድሜ ክኒን

ጂንካ፣ ግንቦት 14 ቀን 1994 ዓ.ም.

ወንደሰን፣

እንደምን ሰንብተሃል ብዬ መጀመር ነበረብኝ። ሦስት ወረቀት ጀምሬ ቀደድኩ። ሰላምታው እንዳለፈ ቁጠረው።

በጭነት መኪናው ሾፌር እጅ የላክኸው መልእክት ደርሶኛል። የሕፃኑን አልጋ ከዋንዛ ልሥራው ወይስ ከጥድ ብለሃል። ርዝመቱንም እንድልክልህ ጠይቀሃል። አትሥራው። እንጨቱን ለምትሠራበት ሆቴል በር አድርገው። ልጅ የለም።

ፋሲካን እማዬ ጋ ገዘር ውለን በተመለስን ማግስት፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ክፍል ውስጥ ማካፈል እያስተማርኩ ወገቤን ቆረጠኝ። ሁለት ቁጥር ጽፌ ሦስተኛውን መጻፍ አቃተኝ። ባለቤቴን ልዑልቃልን ከመሥሪያ ቤቱ ጠሩልኝ። ሐኪም ቤት ስንደርስ ቀሚሴ በደም ርሶ ነበር።

አዋላጇ አስቻለች ትባላለች። ቆፍጣና ሴት ናት። «ምን ወሰድሽ?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት። «አይደለም፣ የኔ እመቤት። እንዲህ ያለ ነገር ዝም ብሎ አይመጣም፤ ምን ዋጥሽ?» ስትለኝ የነጠላዬ ጫፍ ላይ የቋጠርኩት ትዝ አለኝ። ገዘር ለቃሬ ብለህ የሰጠኸኝ የጨጓራ ክኒን። ሁለት ቀርቶ ነበር። መዳፏ ላይ አገላብጣ አየችውና ፊቷ ተለወጠ።

«ይሄ ጨጓራ ይጠብቃል» አለች፣ «ማህፀን ግን ያኮማትራል። ላረገዘች ሴት ፈጽሞ አይሰጥም። ማን አዘዘልሽ?»

«ለወንድሜ ነው የታዘዘው» አልኳት። እጄን ያዘች።

ወንድ ነበር። አምስት ዓመት ጠብቀን፣ አምስት ወሩ። ልዑልቃል በነጭ ነጠላ ጠቅልሎ ወሰደው። የት እንዳሳረፈው አልጠየቅሁትም፤ እሱም አልነገረኝም።

ይህን ያህል ጊዜ ሳልጽፍልህ የቆየሁት አንተን ተቀይሜ አይደለም። አንተ አናጺ ነህ፤ ስለ መድኃኒት ምን ታውቃለህ? ቃጠሎዬን አይተህ አዘንክልኝ፤ ካለህ ላይ ሰጠኸኝ። ደሜን የሚያፈላው የሸጠልህ ሰው ነው። አብዱሰላም። ነጭ ጋውን ለብሶ ባንኮኒ ጀርባ ቆሞ፣ እንዲህ ያለ መርዝ አንድ ቃል ሳይተነፍስ እንደ ከረሜላ የሚያድል! ለጤና ቁጥጥር ሰዎች በጽሑፍ ከስሼዋለሁ። ማጣራቱ እስኪያልቅ መድኃኒት ቤቱ ታሽጓል። ባልፍ ባገድም የማየው ያንን የታሸገ በር ነው፤ ሳየው ትንሽ ይቀልለኛል።

ተቆጣጣሪዎቹ አንድ ነገር ጠይቀውኛል፤ እኔም አንተን እጠይቃለሁ። መድኃኒቱን ሲሰጥህ ምን አለህ? በዝርዝር ጻፍልኝ።

እህትህ ኢየሩስ

—

ቱርሚ፣ ግንቦት 20 ቀን 1994 ዓ.ም.

እታለም፣

ወረቀትሽን ትላንት ሰኞ፣ ገበያ መሐል፣ ሾፌሩ ሰጠኝ። ቆሜ ማንበብ ጀመርኩ። «ልጅ የለም» የሚለው ላይ ስደርስ አጠፍኩት። ከሰዓት በኋላ ከከተማው ወጥቼ ደረቁ ወንዝ ዳር ቁጭ ብዬ ጨረስኩት። እግዚአብሔር ያጽናሽ። ልዑልቃልንም ያጽናው። ሌላ የምለው የለኝም፤ እኔ ቃል አላውቅም፣ እጄ የሚያውቀው እንጨት ነው።

የቀሩኝን ክኒኖች እዚያው አሸዋው ላይ ደፋኋቸው። ዳግመኛ በአፌ አይገቡም።

ስለ አብዱሰላም የጠየቅሽኝን ልመልስ። ደግ አድርገሻል! እንኳንም ከሰስሽው! የአርባ ምንጩ ሐኪም የጻፈልኝን ወረቀት ተቀበለኝ፣ ቆጠረ፣ ሰጠኝ። ሌላ ቃል ከአፉ አልወጣም። ሰው መሆኔንም ያየ አይመስለኝም። እንዲህ ያለው ሰው ባንኮኒ ጀርባ ሳይሆን እስር ቤት ነው መቆም ያለበት። ይህንን ወረቀቴን ለፈለግሽው አሳዪው። ፊርማዬም ይኸው።

እማዬን አደራ። አታስጨንቂያት፤ ስለ ክኒኑ ምንም አትጠይቂያት። በእድሜዋ ላይ ሌላ ሐዘን አይጨመርባት።

ወንድምሽ ወንደሰን

—

ጂንካ፣ ሰኔ 4 ቀን 1994 ዓ.ም.

ወንድምዓለም፣

እንደምን አለህ? ጨጓራህስ? መድኃኒቱን ደፋሁት ማለትህ አላማረኝም። ላንተ ነው የታዘዘው፤ አንተን አልጎዳህም። የጎዳው ላልታዘዘለት ሰው ሲሰጥ ነው። ሳትውል ሳታድር ሐኪም ጠይቅ። የወገብህን ሕመም ማስታገሻም በባዶ ሆድ አትዋጥ፤ አስቻለች አጥብቀሽ ንገሪው ብላኛለች። አሁን እየተመላለሰች ትጠይቀኛለች።

ወረቀትህን ለተቆጣጣሪዎቹ ሰጠሁ። መዝገባቸው ውስጥ አስገብተውታል። «ይህ በቂ ማስረጃ ነው» አሉኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ትላንት የሆነው ነገር ከለከለኝ።

አብዱሰላም ከሚስቱ ከሙሉሽ ጋር መጥቶ በር አንኳኳ። ሳየው በሩን ፊቱ ላይ ዘጋሁት። አልሄደም። በአጥሩ ላይ ሆኖ፣ «እህቴ፣ ሐዘንሽ ሐዘኔ ነው፤ ግን የክኒኑን ፖስታ ጠይቂው! ወንድምሽን ፖስታው የት አለ በይው!» እያለ ጮኸ። ጎረቤት ሁሉ ወጣ። ሙሉሽ እያለቀሰች ጎትታ ወሰደችው።

«ሌባ፣ ደግሞ ቤቴ ድረስ!» ብዬ ወደ ልዑልቃል ዞርኩ። ወንበር ላይ እንደተቀመጠ መሬት መሬት ያያል። «ለመሆኑ ወንደሰን መድኃኒቱን በምን ይዞት ነበር?» አለኝ። በቫዝሊን ቆርቆሮ ነዋ፣ አልኩት። «መድኃኒት ቤት በቫዝሊን ቆርቆሮ አይሸጥም» አለና ወጣ።

ስለዚህ ልጠይቅህ። ፖስታ ነበር ወይ?

ኢየሩስ

—

ቱርሚ፣ ሰኔ 13 ቀን 1994 ዓ.ም.

ኢየሩስ፣

እንዲህ ያለ ወረቀት ከአንቺ አልጠበቅሁም። አንድ ጊዜ መልሼልሻለሁ፤ ደግመሽ ትጠይቂኛለሽ። እኔ ወንድምሽ ነኝ ወይስ ተከሳሽ? አባታችን ሲሞት ትምህርቴን ትቼ መጋዝ የያዝኩት አንቺ እንድትማሪ ነው። የተማርሽው እኔን ለመመርመር ከሆነ ጥሩ ተምረሻል!

ደግሞስ አንቺ አስተማሪ አይደለሽም? ሕፃን ነበርሽ? እርጉዝ መሆንሽን የምታውቂ አንቺ፣ መዋጥ አለመዋጥ በእጅሽ የነበረ አንቺ። እኔ አፍሽን ከፍቼ አልከተትኩብሽም። «ያስታግስልሻል» አልኩሽ፤ ወስደሽ ዋጥሽ። አሁን የአንድ ባለሱቅ ጩኸት ከእኔ ቃል በለጠብሽ።

ልዑልቃልም በእኔ ላይ የሚናገረው ካለው ቱርሚ ይምጣና ፊት ለፊት ይንገረኝ።

ስለ ፖስታ ሁለተኛ እንዳትጽፊልኝ።

ወንደሰን

—

ጂንካ፣ ሰኔ 24 ቀን 1994 ዓ.ም.

ወንደሰን፣

«አዎ» ወይም «የለም» ነበር የጠየቅሁህ። አንድ ገጽ ሙሉ ጮህክብኝ፤ ሁለቱንም ቃል ግን አልጻፍክም። ከልጅነቴ ጀምሮ አውቅሃለሁ፤ ያልሠራኸውን ነገር ስትጠየቅ ትስቃለህ እንጂ አትቆጣም።

መዋጤን በተመለከተ፣ ልክ ነህ። ሳልጠይቅ ዋጥኩ። ጠዋት ከእንቅልፌ ስነሣ መጀመሪያ የማስበው እሱን ነው፤ አንተ ልታስታውሰኝ አያስፈልግም። የዋጥኩት ግን ከታላቅ ወንድሜ እጅ ስለሆነ ነው። ከሌላ ሰው እጅ ቢሆን አልውጥም ነበር።

አብዱሰላም ቤት ሄድኩ። ሙሉሽ በሩን ስትከፍት እንደ ጅብ አየችኝ፤ አልፈርድባትም። እሱ ግን ወንበር ሰጠኝ። ያንተን ስም ያለበትን የሐኪም ወረቀት ቅጂ አሳየኝ። ቀኑን ያስታውሳል፤ ያ መድኃኒት በእሱ በኩል ከአዲስ አበባ የመጣው ላንተ ብቻ ነውና። እንዲህ አለኝ፤ «ከምግብ ጋር ውሰደው አልኩት። ለማንም አታካፍል አልኩት። ላረገዘች ሴት አደገኛ ነው፤ ቤትህ ውስጥ ነፍሰ ጡር አለች ወይ አልኩት። 'እኔ ሚስት የለኝም፤ አንተ ልትድረኝ ነው?' ብሎ ሳቀብኝ። እኔም ስቄ በፖስታው ላይ ጻፍኩለት።»

ይህን ሲነግረኝ ድምፅህን ሰማሁት፣ ወንደሰን። «ልትድረኝ ነው?» ያንተ ነው። ማንም ሊፈጥረው አይችልም።

ያ ሰው ሁለት ወር ሊሞላው ነው ሥራ ከፈታ። መንገድ ላይ ያየው ሁሉ ፊቱን ያዞርበታል፤ እኔ የሕፃን ገዳይ ብዬዋለሁ፤ አንተ ፈርመህበታል። እኔ ዋሽቼ ከሆነ ሳላውቅ ነው። አንተስ?

ምክንያት አልፈልግም። አባታችንን አትጥራብኝ። የሆነውን ጻፍ።

ኢየሩስ

—

ቱርሚ፣ ሐምሌ 10 ቀን 1994 ዓ.ም.

አዎ። ፖስታ ነበር።

ተጋድሜ ነው የምጽፈው፤ ፊደሌ ከተበላሸብሽ በዚያ ነው።

በፖስታው ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ለነፍሰ ጡር ሴት ክልክል ነው፤ ለሌላ ሰው አይሰጥ» ተብሎ ነበር። አንብቤዋለሁ። ክኒኖቹን ወደ ቆርቆሮ የገለበጥኳቸው በመንገዱ መናጥ እንዳይደቁ ብዬ ነው። ፖስታውን ሚስማር ከተትኩበት።

እዚህ ላይ ባቆም «ረሳሁ» ብዬሽ ታምኚኝ ነበር። ብዙ ቀን እንደዚያ ብዬ ልጽፍ አስቤ ነበር። ግን አልረሳሁም። ገዘር፣ አንቺ ደረትሽን ይዘሽ ጓሮ ስትወጪ፣ ቆርቆሮውን ከኪሴ አወጣሁ። እማዬ አየችኝ። «ልጄ፣ ላረገዘች ይሆናል ወይ?» አለችኝ። ያን ጊዜ ቀዩ ጽሑፍ ዓይኔ ላይ መጣ። አንድ ደቂቃ ያህል ቆርቆሮውን ይዤ ዝም አልኩ። ከዚያ፣ «እነሱ በሁሉም ላይ እንዲህ ይጽፋሉ፤ እኔን ያሻለ እሷን ምን ያደርጋታል?» አልኳት። በእናቴና በእህቴ ፊት የማላውቀው ነገር ያለ እንዲመስል አልፈለግሁም። ይኸው ነው። ሌላ ምክንያት ፈለግሁ፤ አጣሁ።

እማዬ ዝም ያለችው እኔ ስለለመንኳት ነው። የመጀመሪያውን መልሴን በጻፍኩልሽ ማግስት መኪና ለምኜ ገዘር ሄጄ እግሯ ላይ ወደቅሁ። በእሷ አትፍረጂ።

የጻፍሽልኝን ሁሉ ሳነብ የተቆጣሁት እውነት ስለሆነ ነው። ፖስታ ስትይ ሚስማሩ ትዝ ይለኛል፤ ከዚያ እጮሃለሁ።

አሁን የተጋደምኩት ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። እንድታዝኚልኝ አይደለም፤ ሌላ ነገር ደበቀ እንዳትዪኝ ነው። ክኒኑን ከደፋሁ በኋላ ሐኪም አልጠየቅሁም፤ ምን ብዬ እጠይቀዋለሁ? የወገቤን ማስታገሻ ግን መዋጥ አልተውኩም፤ ያለሱ መጋዝ መግፋት አልችልም። ሐኪሙ፣ «ማስታገሻው ጨጓራህን ይልጠዋል፤ ይሄ ደግሞ ይጠብቅሃል። አንዱን ብቻህን እንዳታቆም» ብሎኝ ነበር። አቆምኩ። ሰገራዬ እንደ ሬንጅ ጠቆረ። ባለፈው ሐሙስ በር ስገጥም ወደቅሁ። ክሊኒኩ ውስጥ የሚሰጥ ደም የለም ብለው በመኪና አርባ ምንጭ ላኩኝ፤ እዚያ ደም ተሰጠኝ፣ ሌላ መድኃኒት ጻፉልኝ፣ የድሮውን ማስታገሻ ከለከሉኝ። ከትላንት ወዲያ ተመለስኩ።

ምን ላድርግ? ያልሽኝን አደርጋለሁ።

ወንደሰን

—

ጂንካ፣ ሐምሌ 19 ቀን 1994 ዓ.ም.

ወንደሰን፣

አላዘንኩልህም። ልሞክር ብዬ ነበር፤ አልመጣልኝም። ደም እንደተሰጠህ ሳነብ «እንኳን ተረፈ» አልኩ፤ ወዲያው ደግሞ ያንን አንድ ደቂቃ አሰብኩ። ቆርቆሮውን ይዘህ ዝም ያልክበትን። እኔ ጓሮ ቆሜ ነበር። ብትጠራኝ እሰማህ ነበር። «ኢዩ፣ ላረገዘች አይሆንም ይላል» ለማለት ስንት ቃል ያስፈልጋል? ቃር ማንን ገድሎ ያውቃል? አንድ ብርጭቆ ወተት ጠጥቼ እተኛ ነበር።

አላውቅም ማለት አፈርክ! በዚያ ልጅ ላይ!

ገዘር ሄጄ እማዬን ጠየቅኋት። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ «ሁለት ልጅ በአንድ ዓመት ልጣ?» አለችኝ። እሷም እኔም ጮህን። ጎረቤት ሊገላግለን ገባ። ስወጣ አልተሳሳምንም።

ወረቀትህን ለተቆጣጣሪዎቹ ወሰድኩ። ኃላፊው ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጠና፣ «የአንድ ሰው እጅ፣ ሁለት ተቃራኒ ቃል፤ የትኛውን ልመን? ሰውየው ይምጣ» አለኝ። ልክ ነው።

«ምን ላድርግ» ብለሃል። ና። ኃላፊው ፊት ቆመህ ተናገር። አብዱሰላም ፊት ተናገር። ልዑልቃልን «ቱርሚ ይምጣ» ብለኸው ነበር፤ አንተ ጂንካ መጥተህ፣ ዓይኑን እያየህ ንገረው። ዝናቡ መንገዱን ቆርጦታል አትበለኝ፤ የጭነት መኪናዎች እየመጡ ነው። ግን መድኃኒትህን ይዘህ ና፤ በሐኪሙ ፖስታ እንዳለ፣ ሰዓቱን ሳታዛንፍ እየወሰድክ። መንገድ ላይ ወድቀህ ከዚህ ጉዳይ እንድታመልጥ አልፈልግም።

ኢየሩስ

—

ቱርሚ፣ ሐምሌ 27 ቀን 1994 ዓ.ም.

ኢየሩስ፣

ሐኪሙ ለአንድ ሳምንት ከመኪና ከልክሎኝ ነበር፤ ጠይቄው ከነገ ወዲያ መሄድ ትችላለህ ብሎኛል። ጠይቄው ነው። እመጣለሁ። ቤትሽ አላርፍም፤ ማረፊያ ይዣለሁ።

ልዑልቃልን ቀድመሽ አታባብዪልኝ።

ወንደሰን

—

ጂንካ፣ ነሐሴ 15 ቀን 1994 ዓ.ም.

ወንደሰን፣

ከሄድክ በኋላ የሆነውን ልንገርህ። የመድኃኒት ቤቱ እሽግ ባለፈው ሰኞ ተነሣ። ጠዋት ሄጄ ሰው ሁሉ እያየኝ በሩ ላይ ቆምኩ፤ ስሙን ያጠፋሁት በአደባባይ ነውና ይቅርታውንም በአደባባይ ጠየቅሁት። አብዱሰላም አልሳቀልኝም። «ይቅርታሽን ተቀብያለሁ፤ ንዴቴ ግን ገና አለ፤ ጊዜ ስጪኝ» አለኝ። እኔም «ውሰድ፣ የኔም አለ» አልኩት። ሙሉሽ አሁንም አታናግረኝም።

አንተ ኃላፊው ፊት የተናገርከውን ቃል በቃል ሰምቻለሁ። አንድም ሰበብ አልጨመርክም። ድምፅህ ሲቆራረጥ ውኃ ልስጥህ ብዬ ተነሥቼ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ያየኸኝ አይመስለኝም።

ልዑልቃል ምን እንዳለህ አልነገረኝም። ሁለታችሁ ወደ አየር ማረፊያው ሜዳ ስትሄዱ አየኋችሁ፤ ሲመለስ ጫማው ጭቃ፣ ዓይኑ ቀይ ነበር። በማግስቱ ሳልጠይቀው ልጃችን ያረፈበትን ቦታ ወስዶ አሳየኝ። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጪ፣ ከአንዲት ግራር ሥር ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ብቻውን ሲመላለስ ነበር ለካ። አሁን ሁለታችን እንሄዳለን።

አስቻለች አካሌ ድኗል ብላኛለች፤ ሌላ ልጅ እንዳልወልድ የሚያግደኝ ነገር የለም። እኔ ግን ገና ስለ ሌላ ልጅ መስማት አልፈልግም፤ ለእማዬም እነግራታለሁ፣ በየሰው እጅ ጸበል መላኳን ትተው። ነገ ለፍልሰታ ፍቺ ገዘር እሄዳለሁ፤ ጠባችንን እዚያው እንጨርሳለን ወይም እንቀጥላለን።

ይቅር ብዬሃለሁ አልልህም። አንተም እንደዚያ ብዬ እንድዋሽህ አትፈልግ፤ ውሸት ያደረገንን አይተናል። አንዳንድ ቀን ሳልናደድብህ እስከ ቀትር እደርሳለሁ። ከዚያ የሆነ ነገር፣ የተማሪ ሳቅ ወይም የአንዲት ሴት ሆድ፣ ያስታውሰኛል፤ ንዴቴም እንደገና ይነሣል።

መኪናው ላይ ከወጣህ በኋላ በመስኮቱ ጎንበስ ብለህ «ከእንግዲህ ልጻፍልሽ?» አልከኝ። ሾፌሩ ሞተር አስነሥቶ ስለነበር ያልሰማሁ መስዬ ዝም አልኩ። ሰምቼሃለሁ።

ጻፍ። የምታውቀውን አውቃለሁ፣ የማታውቀውን አላውቅም ብለህ ጻፍ። እኔም ንዴቴን ሳልደብቅ እመልስልሃለሁ።

እህትህ
ኢየሩስ